ምዕራፍ 6፦ ያላለቀ ስፌት

ፔኒሲሊን ባክቴሪያን አይመርዝም። አንቲባዮቲክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የተባይ ማጥፊያ ዓይነት ነገር ነው፤ ተሐዋሲው ይቀምሰዋል፣ ይወድቃል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን በየሆስፒታሉ የሚሆነውን መረዳት ባልቻልን ነበር። የልቡ ውስጠኛ ሽፋን በባክቴሪያ የተመረዘ ሕመምተኛ በቀን እስከ 24 ሚሊዮን ዩኒት ፔኒሲሊን፣ ማለትም ከ14 ግራም በላይ፣ በደም ሥሩ ሊገባለት ይችላል። ያን ሁሉ መድኃኒት የሰው ገላ ይሸከመዋል። ለመድኃኒቱ የሚሸነፍ ባክቴሪያ ግን ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ባነሰ መጠን ይፈርሳል።

እንዲህ ያለ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ በምዕራፍ 2 የባክቴሪያን አካል ስናይ “ግድግዳ” ብለን በአንድ አንቀጽ ያለፍነው ነገር ውስጥ ነው። በምዕራፍ 4 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ በአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሳህን ላይ ሻጋታው አጠገብ የነበሩት ባክቴሪያዎች እየገረጡ፣ ብርሃን እያሳለፉ እንደሄዱ አይተናል። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ባክቴሪያዎቹ መሞታቸው ብቻ ሳይሆን አሟሟታቸው ነው። በድን ሆነው አልቀሩም፤ ሟሙ። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ አሟሟት ነው።

የተወጠረው ገላ

የቆዳ ኳስ አስቡ። ውስጡ ከመነዳሪ አለ፤ ስስ ነው፣ ብቻውን ቢነፋ ያብጥና ይፈነዳል። እንዳይፈነዳ የሚያቅበው፣ ቅርጹንም የሚሰጠው፣ በላዩ የተሰፋው ቆዳ ነው። ነፋሱ ይገፋል፣ ቆዳው ይመልሳል፤ ኳሱ ጠንካራ የሚሆነው ሁለቱ ሲመጣጠኑ ነው።

ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። የባክቴሪያ ከመነዳሪ ከቅባት የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የሚወጥረው ነፋስ ሳይሆን ውኃ ነው። ባክቴሪያ በዚያች ጠባብ ገላው ውስጥ ጨው፣ ስኳር፣ ፕሮቲን አጭቆ ይዟል። ውኃ ደግሞ የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ወገን ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከውጭ ያለ ማቋረጥ ወደ ውስጥ ለመግባት ይገፋል። በቁስልና በመግል የምናውቀው ስታፊሎኮከስ ውስጥ ይህ ግፊት ወደ 20 ከባቢ አየር ይጠጋል፤ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ሁለት ከባቢ አየር ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያቅበው ቆዳ ግድግዳው ነው። ግድግዳ ስንል ግን ግንብ አይምሰላችሁ። ረጃጅም የስኳር ክሮች ገላውን ይዞሩታል፤ ክር ከክር ጋር ደግሞ በአጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ተጠልፎ ይያያዛል። ያ ሁሉ ጥልፍ ሲጠናቀቅ ባክቴሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያለበሰ አንድ ወጥ ከረጢት ይሆናል። የኬሚስትሪ ሰዎች ፔፕቲዶግላይካን ይሉታል። ስሙን መርሳት ይቻላል፤ የሰው ገላ ግን ይህን ነገር ጨርሶ እንደማይሠራ መርሳት አይገባም። ሴሎቻችን የሚኖሩት መጠኑ በተስተካከለ የደምና የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ እንዲህ አይወጠሩም፤ ግድግዳም አያስፈልጋቸውም። ለፔኒሲሊን በእኛ ገላ ውስጥ የሚያበላሸው ስፌት የለም ማለት ነው።

የሚተረትር እጅና የሚሰፋ እጅ

የተሰፋ ኳስ ባለበት መጠን ይኖራል። ባክቴሪያ ግን ያድጋል። ምግብና ሙቀት ሲመቸው ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ አክሎ ለሁለት ይከፈላል። እንግዲህ ያንን ኳስ ሳናስተነፍስ፣ እንደተወጠረ፣ እየሰፋን እናሳድገው ብንል ምን እናደርጋለን? አዲስ ቁራጭ ቆዳ ለማስገባት አሮጌውን ስፌት መተርተር ግድ ነው። ብዙ ከተረተርን ይፈነዳል፤ ካልተረተርን አያድግም። ትንሽ መተርተር፣ ወዲያው ቁራጩን አስገብቶ መስፋት፣ እንደገና ትንሽ መተርተር ያስፈልጋል።

ባክቴሪያው የሚያደርገው በትክክል ይህን ነው። በአንድ በኩል አሮጌውን ጥልፍ የሚተረትሩ ኢንዛይሞች አሉት፤ ኢንዛይም ማለት በሕያው ገላ ውስጥ አንድን የተወሰነ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን ነው። በሌላ በኩል አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጋር የሚሰፉ ኢንዛይሞች አሉት። ሁለቱ እጆች በመናበብ እስከሠሩ ድረስ ባክቴሪያው ያድጋል፣ ይራባል፤ በሕመምተኛው ጉሮሮ ወይም ሳንባ ውስጥ በአንድ ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ይሆናል።

ፔኒሲሊን የሚይዘው የሚሰፋውን እጅ ነው። የሚተረትረውን አይነካም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ፔኒሲሊን ሳይሆን ባክቴሪያው ራሱ ይፈጽመዋል፦ የራሱ እጅ ስፌቱን ይተረትራል፣ የሚመልስ የለም፤ ውስጡ ያለው ውኃ የላላውን ቦታ ይገፋል፤ ከመነዳሪው በቀዳዳው ያብጣል፤ ይፈነዳል። ስለ እነዚህ መድኃኒቶች አንድ ነገር ብቻ ይዞ መቅረት የሚፈልግ አንባቢ ይህን ይያዝ። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ሐሰተኛው ቁራጭ

እንዴት ነው ግን እጁን የሚይዘው? እያንዳንዱ አዲስ ቁራጭ ለስፌት ሲመጣ ጫፉ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ሁለት አላኒኖች አሉት። አላኒን አሚኖ አሲድ ነው፤ እዚህ ያለው ግን በእኛ ፕሮቲኖች ውስጥ ያለው ሳይሆን የእሱ የመስታወት ግልባጭ ነው። የሚሰፋው ኢንዛይም ይህን ጥንድ ያውቀዋል፤ ይይዘዋል፣ የመጨረሻውን አላኒን ገንጥሎ ይጥላል፣ የቀረውን ጫፍ ከጎረቤቱ ሰንሰለት ጋር ያያይዛል። ከዚያ ይለቅና ወደ ሚቀጥለው ያልፋል።

ፔኒሲሊን ያንን ጥንድ ይመስላል። በ1965 ዶናልድ ቲፐርና ጃክ ስትሮሚንገር የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለቱን ቅርጽ ጎን ለጎን አስተያይተው ይህን ሐሳብ አቀረቡ። ኢንዛይሙ ፔኒሲሊንን እንደ እውነተኛ ቁራጭ ይይዘዋል፤ ሊገነጥለው ሲል ግን ይጣበቅበታል። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ አይለቅም።

የሚያጣብቀው በሞለኪዩሉ መካከል ያለች ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ተያይዘው የሠሯት ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ናት፤ ቤታ ላክታም ትባላለች። አተሞቹ በተፈጥሯቸው ከሚመቻቸው በላይ ታጥፈው ስለተገናኙ ቀለበቷ ሁልጊዜ ለመከፈት የተዘጋጀች ናት። ኢንዛይሙ ሲነካት ትከፈታለች፤ የተከፈተው ጫፍም ከኢንዛይሙ የሥራ ቦታ ጋር ይተሳሰራል። በ1940ዎቹ እንዲህ የተጨነቀ ቀለበት በፔኒሲሊን ውስጥ ሊኖር አይችልም ብለው የተከራከሩ ትልልቅ ኬሚስቶች ነበሩ። ክርክሩን የዘጋችው የኦክስፎርዷ ዶሮቲ ሆጅኪን ናት። በ1945 በኤክስሬይ የፔኒሲሊንን ክሪስታል አጥንታ አተሞቹ የት የት እንደተቀመጡ አሳየች፤ ቀለበቷ እዚያው ነበረች። በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲሰጣት ከተጠቀሱላት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ይህች ቀለበት የአንድ መድኃኒት ብቻ አይደለችም። በየመድኃኒት ቤቱ የምናገኛቸው አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን፣ በየሆስፒታሉ በብዛት የሚታዘዘው ሴፍትሪያክዞን፣ ሁሉም ይህችኑ ቀለበት የያዙ ዘመዳሞች ናቸው። የሴፍትሪያክዞን ቤተሰብ መነሻ ጁሴፔ ብሮትዙ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1945 ሰርዲኒያ ደሴት ላይ የከተማ ፍሳሽ ወደ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ያገኘው ሻጋታ ነው። ሌላ አገር፣ ሌላ ሻጋታ፣ አንድ ቀለበት። እኔን ይህ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

በስኳር ውኃ ውስጥ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጥሩ ተረት ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ግፊቱ እንጂ መድኃኒቱ ራሱ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?

ጆሹዋ ሌደርበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1956 ያሳተመው ሙከራ ውብ መልስ ነው። ኢ. ኮላይን ፔኒሲሊን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አሳደገው፤ ነገር ግን ፈሳሹ ውስጥ ብዙ ስኳር ጨመረበት። ስኳሩ ከውጭ ሲበዛ ውኃው ወደ ውስጥ የሚገፋበት ምክንያት ያንሳል። ውጤቱ? ባክቴሪያዎቹ አልፈነዱም። እንደ በትር ቀጥ ያለ ቅርጻቸውን አጥተው እንደ ኳስ ድቡልቡል አሉ፤ ግድግዳው የሚሰጣቸውን ቅርጽ አጥተዋልና። ግን በሕይወት ነበሩ። ፔኒሲሊኑ ሲወገድላቸው ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ተመልሰው ይራቡ ጀመር። ወደ ተራ ውኃ የገቡት ግን ወዲያው ፈነዱ። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፤ የተለየው የግፊቱ ጉዳይ ብቻ ነው።

የሚተረትረውን እጅ በተመለከተም ማስረጃ አለ። በ1970 አሌክሳንደር ቶማዝና ባልደረቦቹ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ ወስደው የመተርተሪያ ኢንዛይሙ የማይሠራለት ዓይነት አጠኑ። ፔኒሲሊን ሲሰጠው ማደጉን አቆመ፤ ግን አልሟሟም። የሚተረትር እጅ ከሌለ አሮጌው ስፌት እንዳለ ይቆያል። በ2014 ደግሞ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይ ላይ ተጨማሪ ነገር አሳዩ፦ የሚሰፋው እጅ ሲያዝ ባክቴሪያው ሥራውን አያቆምም፤ አዳዲስ ክር ያመርታል፣ ሳይሰፋ ስለሚቀር እየቆራረጠ ይጥለዋል፣ እንደገና ያመርታል። ጉልበቱንና ጥሬ ዕቃውን እንዲህ በከንቱ ያባክናል።

ያላደገ አይሞትም

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው እንግዳ የሚመስል ነገር ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ በየሕክምና ቤቱ ይሠራል። ፔኒሲሊን የሚገድለው የሚያድገውን ባክቴሪያ ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ባክቴሪያ አይተረትርም፣ አይሰፋም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚያደናቅፈው ነገር የለም። በ1944 ጆሴፍ ቢገር የተባለ ተመራማሪ ስታፊሎኮከስን በፔኒሲሊን አጥለቅልቆ እጅግ ጥቂቶቹ ሳይሞቱ እንደሚቀሩ አየ። መድኃኒቱን የለመዱ አልነበሩም፤ ዘሮቻቸው እንደገና ሲራቡ እንደማንኛውም ባክቴሪያ ይሞቱ ነበር። እነዚያ የተረፉት በዚያ ሰዓት የማያድጉት ነበሩ።

በ1951 የወጣ ጥናት ግን ነገሩን ከላቦራቶሪ አውጥቶ ወደ ሕመምተኛ አልጋ አመጣው። ሌፐርና ዳውሊንግ የተባሉ ሐኪሞች በኒሞኮከስ የመጣ ማጅራት ገትር የያዛቸውን ሕመምተኞች አስተያዩ። አንዳንዶቹ ፔኒሲሊን ብቻ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ከፔኒሲሊኑ ጋር ኦሪዮማይሲን የተባለ የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒትም ተጨመረላቸው። ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይበልጣል ብሎ የማይጠብቅ የለም። ሁለቱንም ከወሰዱት የሞቱት ግን ፔኒሲሊን ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በመቶኛ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ኦሪዮማይሲን የባክቴሪያን የፕሮቲን ሥራ አቁሞ ዕድገቱን ይገታል። ዕድገቱ የተገታ ባክቴሪያ ስፌቱን አይተረትርም፤ ፔኒሲሊንም አይገድለውም። አንዱ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከሌላው ከለለው።

ይህ ለሁሉም ሕመም የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ዛሬ ሐኪሞች ለከባድ የሳንባ ምች ከሁለት ወገን የሆኑ መድኃኒቶችን አውቀው አንድ ላይ ያዛሉ። ካለፈው ሕመም የተረፈ እንክብል ላይ ሌላ ደራርቦ ከቤት መዋጥ ግን ለምን እንደሚያሰጋ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ሰዓቱም ከዚሁ ይመጣል። የሚሰፋው እጅ በተያዘበት ጊዜ ሁሉ ባክቴሪያው ይጎዳል፤ መድኃኒቱ ከደም ሲያልቅ አዲስ ኢንዛይም ሠርቶ ስፌቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለዚህ ወገን መድኃኒት ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ ብዙ መዋጥ ሳይሆን መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው። ተራው ፔኒሲሊን ደግሞ በኩላሊት በኩል ይሮጣል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ግማሹ ከደም ይወጣል። በ1941 ኦክስፎርድ ውስጥ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ በዚህ መድኃኒት ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ተሽሎት ነበር። ሐኪሞቹ ያላቸው መድኃኒት ጥቂት ስለነበር ሽንቱን እያጠራቀሙ ፔኒሲሊኑን መልሰው ያወጡ ነበር። አልበቃም፤ መድኃኒቱ አለቀ፣ ባክቴሪያው አገገመ፣ ሰውየው በመጋቢት ወር ሞተ።

አሞክሳሲሊንም ከገላ ለመውጣት ይቸኩላል። “በቀን ሦስት ጊዜ” የተባለን መድኃኒት ብዙ ቤተሰብ ጧት በ1 ሰዓት፣ ቀን በ7 ሰዓት፣ ማታ በ1 ሰዓት ይሰጣል። ቀኑ በስድስት በስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሌሊቱ ግን 12 ሰዓት ባዶ ቀረ። ባለሙያው በየስምንት ሰዓቱ ማለቱ ከሆነ ጧት በ12፣ ቀን በ8፣ ማታ በ4 ሰዓት መስጠቱ ያንን የሌሊት ክፍተት ይዘጋዋል። መድኃኒት ቤት ሲረከቡ “በየስንት ሰዓቱ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሴፍትሪያክዞን በገላ ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ይበቃል።

ስፌት የሌላቸው

ቫይረስ ግድግዳ የለውም፤ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ የቫይረስ ሕመሞች ናቸው። አሞክሳሲሊን ለጉንፋን የማይረዳው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የሚይዘው እጅ ስለሌለ ነው፤ ሁለት እጥፍ ቢወሰድም ያው ነው። ማይኮፕላዝማ የተባለው ሳንባን የሚያሳምም ባክቴሪያም ያለ ግድግዳ ይኖራል፤ ሐኪም ለእሱ ሌላ ወገን መድኃኒት ያዛል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግድግዳ አለው፤ ነገር ግን ሰም በሚመስል ወፍራም ቅባት ተሸፍኗል፣ ቀለበቷን የሚሰብር ኢንዛይምም አለው። ለነቀርሳ የሚሰጡት መድኃኒቶች ለምን ከዚህ ቤተሰብ ውጭ እንደሆኑ በምዕራፍ 9 እናያለን።

ባክቴሪያ ሲከላከል

ኦክስፎርድ ውስጥ ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ከኢ. ኮላይ ፔኒሲሊንን የሚያጠፋ ኢንዛይም ማግኘታቸውን ያሳተሙት በ1940 ነው። ያ ፖሊስ ከመታከሙ በፊት መሆኑ ነው። ኢንዛይሙ ቀለበቷን ገና ወደሚሰፋው እጅ ሳትደርስ ይከፍታታል። የተከፈተች ቀለበት አትጣበቅም። ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ከሰው ልጅ በፊት ለብዙ ዘመን ሲታገሉ ስለኖሩ መድኃኒቱም መከላከያውም ከእኛ ይቀድማሉ።

ለዚህ የተገኘው መላ ክላቩላኒክ አሲድ ነው። እሱም ቀለበቷን ይዟል፤ ባክቴሪያን ግን እምብዛም አይገድልም። ሥራው የሚሰብረውን ኢንዛይም በራሱ ላይ አጣብቆ አሞክሳሲሊኑን ማሳለፍ ነው። ሁለቱ በአንድ ክኒን ሲሆኑ ብዙዎቻችን ኦግመንቲን ብለን የምናውቀው ነው። ዋጋው ወደድ ስለሚል “ጠንካራው” ተብሎ ይፈለጋል። ጥንካሬው ግን ሰባሪ ኢንዛይም ባለው ባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ኢንዛይሙ በሌለው ላይ ከተራው አሞክሳሲሊን የተሻለ የሚሠራው ነገር የለም።

ሌላው መከላከያ የሚሰፋውን እጅ ራሱን መለወጥ ነው። ሜቲሲሊን የተባለው መድኃኒት የተሠራው በስታፊሎኮከስ ኢንዛይም እንዳይሰበር ታስቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1961፣ እንግሊዝ ውስጥ የማይበገርለት ስታፊሎኮከስ ተገኘ። ይህኛው ቀለበቷን አልሰበረም፤ ከሌላ ባክቴሪያ በተገኘ ዘር ተጨማሪ የሚሰፋ እጅ አበጀ። ያ እጅ ሐሰተኛውን ቁራጭ አይቀበልም፣ እውነተኛውን ግን ይሰፋል። እዚህ ላይ ክላቩላኒክ አሲድ ምንም አይጠቅምም፤ የሚጠብቀው ቀለበት ደኅና ነው፣ የተለወጠው ሌላ ነው።

በየአራት ሳምንቱ

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ባክቴሪያ አልተለወጠም። የልጆችን ጉሮሮ የሚያቆስለው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ 80 ዓመት ያህል ፔኒሲሊን ሲዘንብበት ኖሮ እስካሁን ሙሉ በሙሉ የተቋቋመ ዝርያ በሕሙማን ላይ አልታየም። ይህ ለአገራችን ትልቅ ጉዳይ ነው። ጉሮሮው ሳይታከም የቀረ ልጅ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ይይዘዋል፤ የገዛ መከላከያው ባክቴሪያውን እንዲያጠቃ ከተዘጋጀ በኋላ የልቡን በሮች ያጠቃል። በኢትዮጵያ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚታዩ ዋና ዋና የልብ ሕመሞች አንዱ ከዚህ የሚመጣው ነው። ለጉሮሮ ሕመም ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ የባክቴሪያውን ስፌት አይነካም።

አንዴ ልቡ የተነካ ልጅ ሌላ የጉሮሮ ቁስል ሲይዘው ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ለዓመታት፣ አንዳንዱ እስከ 40 ዓመቱ። መርፌው ያማል፤ ልጆች ይሸሹታል፣ እናቶች ይቸገራሉ። ነገር ግን ቤንዛታይን ከሌሎቹ የሚለየው በመዘግየቱ ነው። ጡንቻ ውስጥ እንደ ጓል ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ በደም ውስጥ የሚኖረው መጠን ጥቂት ነው፣ ግን ለሳምንታት አይጠፋም። ከሚያስል የክፍል ጓደኛ ወደ ልጁ ጉሮሮ የደረሰ ስትሬፕቶኮከስ መራባት ሲጀምር፣ የመጀመሪያውን ስፌት ሲተረትር፣ መድኃኒቱን እዚያው ያገኘዋል። አራተኛው ሳምንት ሲያልፍ ግን ጓሉ ተመናምኗል። ቀጠሮው በአንድ ሳምንት ሲገፋ ባክቴሪያው ለመስፋት የሚበቃው ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፤ ነርሷ በካርዱ ላይ ቀኑን የምታከብደው ለዚህ ነው።